በፍሬ የተቆጠረ ድንጋይ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ከግቢያችን በር እስከ በረንዳው ድረስ ስላነጠፍነው ድንጋይ ላጫውታችሁ ነው።

ድንጋዩ አዲስ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ የማስፋቱ ሥራ በበረታበት ጊዜ፣ ከደጃችን ያለው የኮብልስቶን መንገድ በአስፋልት ሊተካ ሲቆፈር የወጣ ነው። አንድ ጠዋት የኤክስካቫተር ድምፅ ሰምቼ ብወጣ መንገዳችን ከአፈር ጋር ተደባልቆ ዳር ላይ ተከምሯል። ገልባጭ መኪናው ወዴት እንደሚወስደው ብጠይቅ «ለጉድጓድ መሙያ» አሉኝ። ሆዴ ባር ባር አለ።

ያንን መንገድ አባቴ መዋጮ ከፍሎበታል። ኮብልስቶን በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ ድሬዳዋ ላይ ተሞክሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲስፋፋ፣ በብዙ ሰፈሮች ነዋሪው ወጪውን ተጋርቶ ነው ደጁን ያስነጠፈው። አባቴ ድንጋዩ ሲነጠፍ ወንበር አውጥቶ ቀኑን ሙሉ ሲመለከት ይውል ነበር። አሁን በሕይወት የለም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። በ2004 ዓ.ም. ተመርቄ ሥራ ባጣሁ ጊዜ ስምንት ወር ድንጋይ ጠርቤያለሁ። «ዲግሪ ይዛ ድንጋይ ትጠርባለች» ሲባል ጆሮዬ ሰምቷል፤ በዚያ ሥራ ግን ዛሬም አላፍርም። ክፍያችን በፍሬ ነበር። ማታ ማታ ተቆጣጣሪው በረድፍ የደረደርነውን ይቆጥራል፤ ፊቱ የተጣመመውን ወይም ልኩን ያልጠበቀውን ለብቻው ያወጣዋል፤ እሱ አይከፈልበትም። ስለዚህ እኔ ድንጋይን የማውቀው በፍሬ ነው። በገልባጭ ሲዛቅ ሳይ የስንት ሰው ቀን አብሮ እንደሚዛቅ ይታየኛል።

የሥራውን ኃላፊ አነጋግሬ፣ የማስጫኛውን ከፍዬ፣ የመውጫ ወረቀት አስጽፌ ወሰድኩት። ለመንጠፍ ያሰብነው 12 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል፣ ማለትም 30 ካሬ ሜትር ነበር። ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ ከነመጋጠሚያው በካሬ ሜትር 80 ያህል ይገባል፤ በድምሩ 2,400 ፍሬ ማለት ነው። አንዱ ወደ ሦስት ኪሎ ስለሚጠጋ ጭነቱ ሰባት ቶን ይደርሳል። አይሱዙ ሁለት ጊዜ ተመላለሰ።

ከዚያ ማጽዳት መጣ። እዚህ ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዱን ድንጋይ በባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሬ በሽቦ ብሩሽ ሳሸው፣ ጎማና እግር ሲሄድበት የኖረው ፊቱ እንደ ወይራ ዱላ ለስልሷል። ጎኖቹ ግን ዓመታት አፈር ውስጥ ስለተቀመጡ የመሮው ምት እንዳለ ነው፤ የመጨረሻዋ ስብራት ጠርዝ ጣት ትቧጭራለች። የማን እጅ እንደሆነ አላውቅም። ግራኝ የጠረበውን ግን ምቱ ከሚያጋድልበት አቅጣጫ ለይቼዋለሁ ብዬ አምናለሁ። መጥረብ የሚያውቅ ሰው ይህን ያያል።

ከሰፈሩ መንገድ አንድ ክፍል፣ በኋላ የተጠገነው፣ በሲሚንቶ የተሞላ ነበር። ከዚያ የመጣውን አብዛኛውን ጣልኩት። ሲሚንቶው አልላቀቅ ብሎ፣ በመዶሻ ሲመታ ድንጋዩ ራሱ ይሰነጠቅ ነበር። በአሸዋ ላይ የተነጠፈው ግን ታጥቦ እንደ አዲስ ሆነ። መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ሙሉት ለሚሉ ሁሉ መልሴ ይህ ነው። መሬቱ ትንሽ ሲቀመጥ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ውኃ ይገባበታል፤ የውኃ ቧንቧ ለመጠገን መቆፈር ቢያስፈልግም ድንጋዩን ሳትሰብሩ አታነሱትም።

መለየቱ ሦስት ቅዳሜና እሑድ ፈጀ። አሮጌ ድንጋይ ልኩ አንድ አይደለም። ስምንት አለ፣ አሥር አለ፣ አሥራ ሁለት አለ። ከእንጨት መለኪያ ሠርቼ በሦስት ክምር ከፈልኩት፤ እማዬ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አብራኝ ለየች። ይህን ሥራ የሚዘል ሰው በንጣፉ ጊዜ ይከፍለዋል፤ ረድፉ ይንሻፈፋል፣ ከፍታውም አይገጥምም።

ለንጣፉ በሙያው ያረጁ ሰው አገኘሁ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ድንጋዩን አንስተው በመዶሻ ነካ ያደርጉና ያዳምጣሉ። ጤነኛው ይጮኻል፤ ውስጡ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ስፓጎ ወጠሩ፣ በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ወደ ቦዩ እንዲያዘቀዝቅ አደረጉ። ከሥር የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ፣ በላዩ አራት ሳንቲ ሜትር ዜሮ ዜሮ የሚባለው ደቃቅ ጠጠር፣ ግራና ቀኝ ድንጋዩ እንዳይሸሽ በኮንክሪት የተያዘ ጠርዝ። ረድፉን ከመኪናው አካሄድ አግድም አደረጉት፤ መጋጠሚያው ከመጋጠሚያ ጋር እንዳይገናኝ እያዘለሉ።

«ጋሼ፣ ለስላሳውን ፊት ወደ ታች ብናደርገውስ? አዲስ ይመስላል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ሥሩ ጠባብ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተጠረበው። ብትገለብጪው ይወዛወዛል። የጠረበው ሰው የትኛው ወደ ላይ እንደሚሆን ወስኖልሻል።»

ጠርቤ የኖርኩት እኔ ዝም አልኩ። እውነታቸውን ነበር።

የመጀመሪያው ክረምት ሐምሌ ላይ በበሩ አጠገብ፣ ጎማው በሚዞርበት ቦታ፣ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ሰመጠ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የገረጋንቲውን ሁለተኛ ንብርብር ውኃ ሳላጠጣ ነበር ያስጠቀጠቅሁት። ግን አንድ ከሰዓት በኋላ በቂ ሆነ። በዲጂኖ አንዱን ፈልቅቄ ሌሎቹን በእጄ አነሳሁ፤ ሥሩን ሞልቼ፣ አጠጥቼ፣ ጠቅጥቄ፣ እነዚያኑ ድንጋዮች መለስኳቸው። እማዬ አሸዋውን በመጥረጊያ ወደ መጋጠሚያው አስገባችው።

የሰፈራችሁ መንገድ ሊነሳ ከሆነ ገልባጩ ሳይመጣ ጠይቁ። ከመጣ በኋላ ጊዜ የለም።

ከእኛ ሁለት መቶ ያህል ፍሬ ተርፏል፤ ከማንጎው ሥር ተደርድሯል። ጎረቤታችን እትዬ ከደጃፋቸው ያለው ጭቃ አስቸግሯቸዋል። ቅዳሜ እንጀምርላቸዋለን፤ መለኪያዬን ይዤ ጠዋት እሄዳለሁ፤ ጋሼም እንደሚመጡ ነግረውኛል።