ሐረጎን በ40 ሰከንድ
(ኮምቦልቻ ውስጥ በተማሪዎች የኮዲንግ ሥልጠና መዝጊያ ላይ የተደረገ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን አደራችሁ! ወላጆች፣ መምህራን፣ ከደሴ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ የወረዳችሁ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አዘጋጆቹ አሳጥር ብለውኛል፤ እሞክራለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ጌም ነው። የአንዳንድ ወላጆች ፊት ሲቀየር እያየሁ ነው፤ የፕሌይስቴሽን ቤቱ ሒሳብ ትዝ ብሏችሁ ይሆናል። አብሽሩ። የማነሣው ጌም፣ ፖሊትራክ፣ ኢንስቶል እንኳ አይደረግም፤ ብራውዘር ከፍቶ መግባት ነው። መኪና ይነዳል፣ ሰዓት ይያዛል። ዋናው ነገር ግን መንገዱን የሚሠራው ተጫዋቹ ራሱ መሆኑ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ኒንቴንዶ ባወጣው ኤክሳይትባይክ ላይ ተጫዋቹ የሞተር ብስክሌቱን ጉብታዎች ራሱ ይደረድር ነበር። በ2003 የፈረንሳዩ ጌም ሠሪ ናዴዮ ትራክማኒያ በተባለው የመኪና ውድድር ጌም ነገሩን አሰፋው። ከዚያ በ2011 ዌብጂኤል የተባለው የብራውዘር ሥዕል ቴክኖሎጂ ወጣና ድረ ገጽም በግራፊክስ ካርዱ እየታገዘ ባለ ሦስት ገጽታ ዓለም መሣል ቻለ። ዛሬ ልጆቻችን የሚጫወቱት ፖሊትራክ የዚሁ ዘር ነው።

ተማሪዎች፣ ትራክ፣ ማለትም የውድድር መንገድ፣ ሥሩ ስትባሉ ቶሎ የሚመጣላችሁ ሐረጎ፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጥምዝምዝ ቁልቁለት፣ እንደሆነ አውቃለሁ። እስቲ እንዳለ እንቅዳው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ብትበሩ እንኳ ከ7 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። 7 ደቂቃ ነድቶ የመጨረሻው ኩርባ ላይ ገደል የገባ ልጅ እንደገና አይጀምርም፤ ላፕቶፑን ይዘጋል። ቁልቁለቱንም አስሉት። ከላይ እስከ ታች ከ600 ሜትር ትንሽ በለጥ አድርገን ብንወርድ፣ በ100 ሜትር መንገድ በአማካይ የምንወርደው ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ነው። የሲኖ ሹፌርን ፍሬን የሚያስረግጠው ሐረጎ፣ ስክሪን ላይ ሲገባ ሜዳ ሆኖ ቁጭ ይላል!

ስለዚህ ትራክ ሠሪ ይመርጣል። ከዚያ ሁሉ ጥምዝምዝ ገደሉ ወለል ብሎ የሚታይበትን አንዱን ኩርባ ያነሣል፣ ከፊት አይሱዙ ድንገት ብቅ የሚልበትን ሌላ ኩርባ ይጨምራል፣ ቁልቁለቱን አራት እጥፍ ያቆመዋል፣ ሁሉንም በ40 ሰከንድ ይጨርሰዋል። አንድም ሜትር በልኩ አይደለም፤ የነዳው ሰው ግን «ይሄማ ሐረጎ ነው» ይላል።

ወደ ውስጡ እንግባ። ትራክ የሚገጣጠመው ከቁርጥራጮች ነው፤ ቀጥታ፣ ኩርባ፣ ዳገት፣ መነሻ፣ መድረሻ፣ አቋራጭ ለሚወዱት ደግሞ ቼክፖይንት፣ ማለትም ሳያልፉበት መጨረስ የማይቻል ኬላ። ለእያንዳንዱ ቁራጭ መመዝገብ ያለበት ዓይነቱ፣ ቦታውን የሚያሳዩ ሦስት ቁጥሮች፣ ወዴት እንደዞረ፣ በቃ። የሚዞርበት አቅጣጫ አራት ከሆነ ለእሱ ሁለት ቢት፣ ማለትም ሁለት የ0 ወይም የ1 ቦታ፣ ይበቃል። ሙሉው ትራክ ከአንድ የስልክ ፎቶ እጅግ ያነሰ ጽሑፍ ይሆናል፤ ኮፒ አድርጎ በቴሌግራም መላክ ነው፣ ኔትወርኩ ባለቀሰበት ቀንም ይደርሳል። እኔን ከመኪናው ውበት ይልቅ የሚማርከኝ ይሄ ነው።

የራሳችሁን ጌም ለምትጽፉ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመኪናውን እንቅስቃሴ ከስክሪኑ እድሳት ጋር አታስሩት። በሰከንድ 60 ጊዜ ለሚታደስ ስክሪን የተጻፈ ኮድ 120 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ላይ ሲሮጥ መኪናው በእጥፍ ይፈጥናል፤ ውድ ስልክ ያለው ሁሉ አሸናፊ ሊሆን ነው። ፊዚክሱ፣ ማለትም የእንቅስቃሴው ስሌት፣ በራሱ ቋሚ ምት ይሂድ፣ ሥዕሉ ይከተለው። ደግሞ እባካችሁ ከመኪናው ቀለም በፊት ትራክ መሥሪያውን ጻፉ። ቀለም ወዳዶች እንደምትቀየሙኝ አውቃለሁ።

ከሻይ በኋላ ወላጆች ኮምፒውተሮቹ ፊት ይቀመጣሉ። የምትነዱት የልጆቻችሁን ትራክ ነው፤ የምትነኩት ባለ ቀስቶቹን አራት ቁልፎች ብቻ። ትራኩን የሠራው ልጅ ከኋላ ይቆማል፣ አንዲት ቃል አይተነፍስም። «በግራ እማዬ፣ በግራ!» ማለት ክልክል ነው። እናትህ ከመንገድ የወጣችበትን ቦታ ወረቀት ላይ መዝግብ። ሦስት ሰው እዚያው ቦታ ላይ ከወደቀ ጥፋቱ የሹፌሮቹ አይደለም፤ ማታ ቤት ስትገባ ያንን ኩርባ አፍርሰህ እንደገና ሥራው። ሻዩ ውጭ ተቀድቷል፣ አመሰግናለሁ።