አዋሽ ባሕር አይገባም

ጎረቤቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ! በዚህ ፀሐይ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ለማሳጠር እሞክራለሁ፤ ካስረዘምኩት አጨብጭባችሁ አስቁሙኝ።

የማወራው ስለ አቃቂ ወንዝ ነው። ትልቁም ትንሹም አቃቂ አዲስ አበባን ሰንጥቀው ይወርዱና አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። ቆቃን ያልፋል፣ የመተሐራን ሸንኮራ ያጠጣል፣ አፋር ወርዶ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። እና እኛ እዚህ ድልድይ ስር የምንደፋው ነገር የትም አይሄድልንም። ታች ያለ ሰው ይጠጣዋል፣ ከብቱም ይጠጣዋል።

ምን እንደምንደፋ እንነጋገር እስቲ። ሽንት ቤቱን ከጎርፍ መውረጃ ቱቦ ጋር ያገናኘ ግቢ አለ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ዶፍ የጣለበትን ሌሊት ጠብቆ ጉድጓዱን የሚለቅ አለ (ስም አልጠራም፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ)። ያ ሰገራና የሳሙና ውሃ ታች ሲደርስ ለእምቦጭና ለአረንጓዴው አልጌ ምግብ ነው። አባ ሳሙኤል እምቦጭ የወረሰው፣ ቆቃም አንዳንዴ ቀለም የተደፋበት የሚመስለው ለዚህ ነው። አንዳንዱ አልጌ መርዝ አለው፤ ውሃውን ብታፈሉትም መርዙ አይጠፋም።

የቆዳ ፋብሪካው ነገር ይብሳል። ቆዳ ክሮሚየም በሚባል ብረት ነክ ኬሚካል ይለፋል፣ ውሃው ሳይጣራ ከተለቀቀ ደግሞ ክሮሚየሙ ደለል ውስጥ ይቀመጣል። ሰገራ ይበሰብሳል፣ ብረት አይበሰብስም። ወንዙ ዳር የበቀለው ቆስጣና ሰላጣ በሥሩ ይስበዋል፤ በሎሚና በኮምጣጤ ብታጥቡት የሚለቀው ላዩ ላይ ያለው ቆሻሻ እንጂ ቅጠሉ ውስጥ የገባው አይደለም። አትክልተኞቹን ግን አትውቀሱ፣ ቆሻሻው ነው ማሳቸው ድረስ የመጣባቸው።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ፣ ወይም የማጽጃውን ይክፈል ይላል። ከወጣ 20 ዓመት አልፎታል! የወንዝ ዳር መናፈሻውም ደስ ይላል፣ እኔም ቁጭ ብዬ ማኪያቶ ጠጥቻለሁ፣ ግን አበባው ስር ያለው ቱቦ እስካልተዘጋ ድረስ ያሳመርነው ዳሩን ብቻ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ችግኝ ትከሉ አልላችሁም። ቱቦ እንቁጠር። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ድልድዩ ጋ ተገናኝተን ወንዙን ተከትለን እንወርዳለን። ወደ ወንዙ የሚያፈስ ቱቦ ባገኘን ቁጥር ፎቶ እናነሳለን፣ ቦታውን እንጽፋለን፣ የየትኛው ግቢ ወይም ድርጅት እንደሆነ እንጠይቃለን፤ ከዚያ ዝርዝሩን ፈርመን ለክፍለ ከተማው አካባቢ ጥበቃ እናስገባለን፣ ኮፒውን ደግሞ እኛ ጋ እናስቀምጣለን፣ መቼም ወረቀት እንዴት እንደሚጠፋ አትነግሩኝም። የራሳችን ግቢ ቱቦ ከተገኘም ይጻፋል፣ የእኔም ቢሆን። ቦት ጫማ ያለው አድርጎ ይምጣ፣ ጓንት እኔ አመጣለሁ። ጥያቄ ያለው?