ራጁ ደህና ነው ቢባልም

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ! ከወልድያም፣ ከመርሳም፣ ከኮምቦልቻም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ደሴ ድረስ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

እኔ የራዲዮሎጂ ሐኪም ነኝ። ብዙ ጊዜ የሚገጥመኝን ልንገራችሁ። ሄሞፊሊያ፣ ማለትም ደም ቶሎ የማይረጋበት በሽታ፣ ያለበት ልጅ ሳይወድቅ ሳይመታ ጉልበቱ ያብጣል። ይግላል፣ አልታጠፍ ይላል። ወጌሻ ጋ ይወሰዳል፤ ሲታሽ ይብስበታል። ከዚያ ራጅ ይነሳና «አጥንቱ ደህና ነው» ተብሎ ወደ ቤቱ ይላካል። ይሄ ያንገበግበኛል። አጥንቱማ ደህና ነው! መገጣጠሚያው ውስጥ ግን ደም ሞልቷል። ራጅ ጉዳቱን በግልጽ የሚያሳየን ዘግይቶ ነው፤ ደም ደጋግሞ ፈስሶ ልም አጥንቱን ከበላው በኋላ።

ፋክተር የምንለው ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፕሮቲን ነው። ሄሞፊሊያ ኤ የፋክተር 8፣ ሄሞፊሊያ ቢ የፋክተር 9 እጥረት ነው። በከባዱ ዓይነት ፋክተሩ ከጤነኛ ሰው መጠን ከ1 በመቶ በታች ነው። ደሙ የሚበረታው ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና ክርን ላይ ነው። ከደሙ የሚቀረው ብረት የመገጣጠሚያውን ውስጠኛ ሽፋን ያስቆጣዋል። ሽፋኑ ይወፍራል፣ አዳዲስ የደም ሥር ያበቅላል፣ ያም መልሶ ይደማል።

በማግኔት የሚያነሳው ኤምአርአይ ይህን ሁሉ ጥርት አድርጎ ያሳያል። ግን ውድ ነው፤ ትንንሽ ልጆችም ማስተኛ መድኃኒት ካልተሰጣቸው አይረጉለትም። አልትራሳውንድ ግን ነፍሰ ጡሮችን በየቀኑ የምናይበት ነው፤ ጨረርም የለውም። ባልደረቦቼ፣ ጠፍጣፋውን ፕሮብ፣ ማለትም ቆዳ ላይ የሚያርፈውን የአልትራሳውንዱን መመርመሪያ፣ ከጉልበት ሎሚው በላይ አድርጉት። ቀስ ብላችሁ ጫን ስትሉ ፈሳሽ ከሆነ ይሸሻል፤ የወፈረ ሽፋን ከሆነ ግን ቦታውን አይለቅም። ከደህናው ጉልበት ጋር አስተያዩት። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ሄድ-ዩኤስ የተባለው ዘዴ ጉልበትን፣ ቁርጭምጭሚትንና ክርንን በአልትራሳውንድ በአጭር ጊዜ ለማየት የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ የምፈራው ግን ከሆድ ጀርባ ወደ ጭን የሚወርደው ጡንቻ ሲደማ ነው። ልጁ ብሽሽቱን ያመዋል፣ እግሩን አጥፎ ይተኛል፣ ዘርጋ ቢሉት አይችልም። ነርቭ ከተጫነ የጭኑ ፊት ይደነዝዛል። በቀኝ በኩል ሲሆን ትርፍ አንጀት ይመስላል። ባልደረቦቼ፣ አደራ! ቢላ ከማንሳታችሁ በፊት «ሲገረዝ ደሙ አልቆም ብሎ ነበር ወይ? የእናቱ ወንድሞችስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በአልትራሳውንድም እዩት።

አንድ ነገር ግን በጣም አጥብቄ ልናገር። የጎደለውን የሚተካው የፋክተር መድኃኒት ካለ መጀመሪያ ይሰጥ፤ ምስሉ በኋላ ይደርሳል። ወረፋ ላይ ቆሞ የሚደማ ልጅ ማየት አልፈልግም። እናቶች፣ አብሽሩ፤ ያበጠውን አታሹ፣ እግሩን አሳርፉት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያዙለት። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አትስጡት። ጡንቻ ላይ መርፌ ሊወጉት ሲሉ «ልጄ ሄሞፊሊያ አለበት» በሉ።

አልትራሳውንዱን እዚሁ አዳራሽ ከኋላ አዘጋጅተነዋል። ባልደረቦቼ፣ ከሻይ በኋላ ኑና አንዳችሁ የሌላችሁን ጉልበት እያያችሁ ተለማመዱ። አመሰግናለሁ።