ከውስጥ የሚመጣውን ማን ያየዋል?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ከጎንደር ነው የማወራችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራ የፈለግኩት ስለ ስኖርት ነው፤ በኔትወርክ ላይ የሚያልፈውን እየተከታተለ ሰርጎ ገብ ሲያይ ስለሚያስጠነቅቀው ፕሮግራም። አጫጫኑን ላስተምራችሁ አይደለም፤ እሱን በየቦታው ታገኙታላችሁ። ይልቅ ውስጤ ሲብላላ የከረመ አንድ ሐሳብ አለኝ።

መጀመሪያ ለማያውቁት። ስኖርትን ማርቲን ሮሽ የሚባል ሰው በ1998 እ.ኤ.አ. ሲጽፈው ትንሽ ፕሮግራም ነበር። በ2001 ሶርስፋየር የተባለ ኩባንያ አቋቋመበት፤ በ2013 ደግሞ ሲስኮ ኩባንያውን በ2.7 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ገዛው። ይሄ ሁሉ ሆኖ ፕሮግራሙ ዛሬም በነጻ ይወርዳል፣ ኮዱም ክፍት ነው። ለእኛ አገር መስሪያ ቤት ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ለፈቃድ የሚከፈል ዶላር ከየት ይመጣል? ጥግ ላይ የተጣለ አሮጌ ኮምፒውተር ካለ ግን ሊኑክስ ጭኖ መጀመር ይቻላል።

እኔ የማስኬደው በኮማንድ ላይን፣ ትእዛዝ በጽሑፍ እየሰጠሁ ነው። ያማሩ ግራፎች የሚያወጡ መቆጣጠሪያዎች አሉ፣ አልጠላቸውም። ግን ግራፉ የሚያሳያችሁ ፕሮግራሙ አደጋ ነው ያለውን ብቻ ነው። ትእዛዙ የሚጻፍበት ጥቁር ስክሪን፣ ተርሚናሉ ላይ ግን ተራውን ነገር ታያላችሁ፤ ሥራው ያለውም እዚያ ተራ ነገር ላይ ይመስለኛል። ስኖርት 3 ላይ ደንብ (ምን ሲያይ እንዲያስጠነቅቅ የሚነግረውን መስመር) ሳትሰጡት እንዲህ በሉት፦ ሱዶ፣ ስኖርት፣ ሰረዝ ትንሿ አይ፣ የኢንተርፌሳችሁ (የኔትወርክ ካርዳችሁ) ስም፣ ከዚያ ሰረዝ ትልቋ ኤል፣ ዳምፕ። በቃ። ማስጠንቀቂያ የለም፣ የሚያልፈውን ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

ምን ታያላችሁ? ፕሪንተሩ «አለሁ፣ አለሁ» ሲል። ዊንዶውሶቹ ስማቸውን ሲያስተዋውቁ። «ይሄን አይፒ፣ ይሄን የኔትወርክ አድራሻ የያዘ ማነው?» እያለ ለሁሉም የሚጮኸውን፣ ኤአርፒ የሚባለውን ጥያቄ። የሒሳብ ክፍሉ ማሽን ጠዋት ጠዋት ሰርቨሩን ሲጠራ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ጭር ሲል። ኮንትሮል ሲ ስትሉት ደግሞ ስታቲስቲክሱን ይዘረግፍላችኋል፤ ስንት ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ የዳታ ቁራጭ) ተቀበለ፣ ስንቱን መረመረ፣ ስንቱ አመለጠው። ያመለጠው ቁጥር ከፍ ካለ አሮጌው ኮምፒውተር አልቻለም ማለት ነው፤ ያን ሳያዩ ደንብ መደርደር ከንቱ ነው።

እዚህ ላይ ማሽኖቹን በገመድ ስለሚያገናኘው ሳጥን፣ ስለ ስዊቹም ልንገራችሁ። ስዊች የአንዱን ፓኬት ለሌላው አያሳይም። ስለዚህ ስኖርት የተጫነበትን ማሽን ያገኛችሁት ሶኬት ላይ ብትሰኩት የሚያየው የራሱን ግንኙነትና ለሁሉም የሚላከውን ብቻ ነው። ስዊቹ የሌሎቹን ፖርቶች (ሶኬቶች) ትራፊክ ቅጂ ወደ አንድ ፖርት እንዲልክ መታዘዝ አለበት፤ ሚረር ፖርት የሚሉት እሱን ነው። ሌላ ትንሽ ነገር፦ ደንብ ጽፋችሁ ከዚያው ማሽን ስትሞክሩት ስኖርት ዝም ካለባችሁ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቼክሰም፣ ፓኬቱ እንዳልተበላሸ የሚያረጋግጠው ቁጥር ነው። የኔትወርክ ካርዱ ቼክሰሙን የሚያሰላው ፓኬቱ ሊወጣ ሲል ስለሆነ፣ ስኖርት ገና ያልተሟላውን አይቶ የተበላሸ ይመስለዋል። ሰረዝ ትንሿ ኬ፣ ነን ብላችሁ ጨምሩበትና ይታያል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ልግባ። በክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ደጋግሜ የሰማሁት ነገር «ኢንተርኔት ከሌለ ሀከር ከየት ይመጣል?» የሚል ነው። እውነት ይመስላል። ግን በዚያን ጊዜ ሥራው ሁሉ የሚሄደው በምን ነበር? በፍላሽ። ደብዳቤው በፍላሽ፣ የደመወዝ ሰነዱ በፍላሽ፣ የተማሪው ፕሮጀክት ከማራኪ ግቢ ፒያሳ ማተሚያ ቤት የሚደርሰው በፍላሽ። ዝመና ደግሞ የለም፤ ዊንዶውሱም አንቲቫይረሱም ባሉበት ቆመዋል። ከውጭ የሚመጣው በር ተዘጋ፣ የውስጡ ወለል ብሎ ተከፈተ።

በዚያ ወቅት በምሠራበት መስሪያ ቤት ስኖርት ይሠራ ነበር። አብዛኞቹ መመሪያዎች ምን ይሏችኋል? ሆም ኔት ላይ የራሳችሁን አይፒ ክልል ጻፉ፣ ኤክስተርናል ኔት ላይ «ሆም ኔት ያልሆነ ሁሉ» በሉ። ጥሩ ነው፣ ጫጫታውን ይቀንሳል። ግን ተዘጋጅተው የሚመጡት ደንቦች ብዙዎቹ የተጻፉት ከኤክስተርናል ወደ ሆም የሚመጣውን እንዲያዩ ነው። አንዱ የውስጥ ማሽን ሌላውን የውስጥ ማሽን ሲያጠቃ እነዚያ ደንቦች ዝም ይላሉ። ፕሮግራሙ ሰንፎ አይደለም፤ ጠላት ከየት እንደሚመጣ የነገርነው እኛ ነን።

ስለዚህ ለብቻው አንድ ደንብ ጻፍኩ። አለርት፣ ቲሲፒ (ማሽኖች ግንኙነት የሚከፍቱበት ስልት)፣ ከሆም ኔት ከማንኛውም ፖርት፣ ወደ ሆም ኔት ፖርት 445። እዚህ ላይ ፖርት የስዊቹ ሶኬት ሳይሆን የአገልግሎት ቁጥር ነው። በቅንፉ ውስጥ የግንኙነት መጀመሪያ ጥያቄን ብቻ እንዲያይ ፍላግስ ኤስ፤ ከዚያ ዲቴክሽን ፊልተር፣ አንድ ላኪ በ60 ሰከንድ ውስጥ ከ10 ጊዜ በላይ ካንኳኳ። መለያ ቁጥሩ 1000001፤ ከአንድ ሚሊዮን በታች ያለው ለተዘጋጁት ደንቦች የተተወ ነው። 445 ለምን? ዊንዶውሶች ፋይል የሚጋሩበት በር ስለሆነ ነው። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያመሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናክራይ ከማሽን ማሽን የዘለለው በዚሁ ነው፤ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ያወጣው ከሁለት ወር በፊት፣ በመጋቢት ነበር። ያልጫኑት ናቸው የተጠቁት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጥቁሩ ስክሪን መውረድ ጀመረ። ሰዓቱ፣ የደንቡ ቁጥር፣ ከዚያ ያው አንድ ላኪ፣ መጨረሻው 37 የሆነ አይፒ። ቀስቱ፣ ተቀባዩ፣ 445። ተቀባዩ ግን በየመስመሩ ይለዋወጣል፤ 41፣ 42፣ 46፣ 50፣ እያለ ይወጣል። በመካከል የዘለላቸው ቁጥሮች ማሽን የሌለባቸው ናቸው። እነሱንም አልተዋቸውም፤ ኤአርፒውን ከፍቼ ሳየው ያው 37 «43 ማነው? 44 ማነው? 45 ማነው?» እያለ መልስ አጥቶ ያልፋል። ልብ በሉ፣ ኤአርፒ ለሁሉም የሚጮህ ነውና ሚረር ፖርት ባይኖር እንኳ ይሄን ማየት ይቻላል።

37 የመዝገብ ቤቱ ማሽን ነው። ይሄን ያወቅኩት ከስኖርት አይደለም፤ ደንብ ሳልሰጠው ቁጭ ብዬ ሳይ ከለመድኩት ነው። ያ ማሽን በተራው ቀን ፕሪንተሩንና ሰርቨሩን ብቻ ነው የሚያናግረው። ወርጄ ገመዱን ነቀልኩት። እዚያ የሚሠሩት እትዬ ደነገጡ።

«የኔ ልጅ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ምንም አላጠፉም። ዛሬ ፍላሽ ሰክተዋል?»

«አዎ፣ አንድ ደብዳቤ ላትም። ከላይ ካሉት ልጆች ተውሼ።»

ፍላሹ ውስጥ ከደብዳቤው ጋር አብሮ የመጣ ነገር ነበር። ማሽኑን አጸዳነው፣ የላዮቹንም እንዲሁ። ከዚያ ማስተካከያዎቹን ኢንተርኔት ካለበት ከተማ አስመጥተን አንድ በአንድ ጫንን። አዎ፣ እነሱም በፍላሽ ነው የመጡት።

ማስጠንቀቂያውን ፋይል ላይ አከማችቶ ዓርብ ዓርብ ማንበብ የሚያረካቸው ሰዎች አውቃለሁ። ለእንዲህ ያለው ነገር አይሆንም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ቢያንስ የውስጥ ደንቦቹን የሚያይ ሰው በሥራ ሰዓት መኖር አለበት።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፤ ሳልናገረው ማለፍ አልፈልግም። ይሄን መሣሪያ የያዘ ሰው ብዙ ያያል። ሰረዝ ትንሿ ዲ ብትጨምሩበት የፓኬቱን ሆድ ዕቃ ይዘረግፈዋል። ዛሬ አብዛኛው ትራፊክ የተመሰጠረ ነው፣ እውነት ነው፤ ግን ባልተመሰጠረው ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስም ወደ አይፒ በሚቀየርበት ጥያቄ) ብቻ ማን የትኛውን ድረ ገጽ እንደጠየቀ ይታያል። ባልደረባችሁ በምሳ ሰዓት ስለ ሕመሙ ምን እንደሚያነብ ማወቅ የእናንተ ሥራ አይደለም። እኔ ዲ የምትለዋን የምጨምረው አንድ ማሽን በግልጽ ተጠርጥሮ ስፈትሽ ብቻ ነው። ከመጀመሬ በፊት ከኃላፊው የጽሑፍ ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ሠራተኞቹም ምን እንደሚታይና ምን እንደማይታይ ተነግሯቸዋል። የያዝኩትን ፋይል ጉዳዩ ሲያልቅ አጠፋዋለሁ። ፈቃድ በሌለበት ኔትወርክ ላይ ግን፣ የካፌ ዋይፋይም ይሁን የጎረቤት፣ አትሞክሩት።

ተማሪዎች ለሆናችሁ፣ ለልምምድ የሰው ኔትወርክ አያስፈልጋችሁም። ሁለት አሮጌ ላፕቶፕና አንድ ገመድ ይበቃል። የአንዱን ትራፊክ ፒካፕ በሚባል መመዝገቢያ ፋይል ያዙ፣ ከዚያ ሰረዝ ትንሿ አር ብላችሁ ፋይሉን ለስኖርት ስጡት። ሰረዝ ትንሿ ሲ ስኖርት ነጥብ ሉዋ (የስኖርት ማዋቀሪያ ፋይል)፣ ሰረዝ ትልቋ አር የደንብ ፋይላችሁ፣ ሰረዝ ትልቋ ኤ አለርት አንደርስኮር ፋስት። ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ይሠራል። የፊልተሩን 10 ወደ 5፣ ከዚያ ወደ 20 እየቀየራችሁ ያንኑ ፋይል መልሳችሁ አስኬዱት፤ ማስጠንቀቂያው የት ላይ እንደሚበዛ፣ የት ላይ እንደሚጠፋ ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

በሚቀጥለው ክፍል የስኖርትን ዓይነት ሥራ ስለሚሠራው ስለ ሱሪካታ አወራችኋለሁ። እስከዚያው ደህና ሰንብቱልኝ።