76፣ 28 እና 532፦ ለሒሳብ መምህራን የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሒሳብ መምህራን፣ የተከበራችሁ እንግዶች፤ እንደምን አደራችሁ።

ትልቁን የጋራ አካፋይ በአንድ ሳምንት እናስተምራለን፣ ትንሹን የጋራ ብዜት ደግሞ በሚቀጥለው። ተማሪው ሁለት ዘዴዎችን ለየብቻ ይሸመድድና ፈተና ላይ ይምታቱበታል። እኔ ዛሬ የቆምኩት ሁለቱ አንድ ትምህርት ናቸው ብዬ ልከራከራችሁ ነው። ማስረጃዬንም ከሩቅ አላመጣሁትም፤ የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር ስሌት በሆነው በባሕረ ሐሳብ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር።

በአብነት ትምህርት ያለፋችሁ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። የሳምንቱ ዕለታት 7 ናቸው። ዓመታቱ ደግሞ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ እየተባሉ በ4 ይዞራሉ፤ በሉቃስ ዓመት መጨረሻ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። 7 እና 4 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት በ28 ዓመት ነው። ይህ ዐውደ ፀሐይ ነው። ጨረቃና ፀሐይ በ19 ዓመት ይገጣጠማሉ፤ ይህ ንዑስ ቀመር ነው። 19ን ከወንጌላውያኑ 4 ዓመት ጋር ስታስተባብሩት፣ ማለትም ሁለቱ አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱበትን ስትፈልጉ፣ 76 ይሆናል፤ ማዕከላዊ ቀመር ይሉታል።

እንግዲህ 76ን እና 28ን አስተባብሩ። የቸኮለ ተማሪ ያባዛቸውና 2128 ያገኛል። ሊቃውንቱ ግን ዐቢይ ቀመር ብለው ያስቀመጡት 532 ዓመት ነው። ወንጌላዊው፣ ዕለቱ፣ የጨረቃው ቁጥር፣ ፋሲካ የሚውልበት ቀን፣ ሁሉም እንደ ቀድሞው የሚመለሱት ያን ጊዜ ነው። 2128ን ለ532 ብታካፍሉት 4 ይደርሳል፤ 4 ደግሞ የ76 እና የ28 ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «ሁለት ቁጥሮች ሲባዙ የሚገኘው፣ ትልቁ የጋራ አካፋያቸውና ትንሹ የጋራ ብዜታቸው ሲባዙ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው» ብሎ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ተማሪው ማየት ያለበት ግን ከዚህ በስተጀርባ ያለውን ነው። በ2128 ዓመት ውስጥ ባለ76ቱ እና ባለ28ቱ ዑደት አብረው አዲስ የሚጀምሩት 4 ጊዜ ነው። ትልቁ የጋራ አካፋይ የሚነግረን እነዚህ ግጥሚያዎች ስንት እንደሆኑ ነው። ሁለት ቁጥሮች የሚጋሩት ነገር በበዛ መጠን ቶሎ ቶሎ ይገናኛሉ፤ ምንም የማይጋሩ ከሆነ የሚገናኙት ብዜታቸው ላይ ብቻ ነው። የወንጌላውያኑ 4 በ76ም ውስጥ አለ፣ በ28ም ውስጥ አለ። ሁለት ጊዜ ስለተቆጠረ አንዱን ማውጣት ያስፈልጋል፤ ማካፈሉ የሚሠራው ይህንን ነው።

የ532ን ጥቅም ለማየት 2017 ዓ.ም.ን ውሰዱ። በባሕረ ሐሳብ ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት የሚቆጠረውን 5500 ዓመት ስትጨምሩበት 7517 ይሆናል፤ ለ532 ሲካፈል 14 ደርሶ 69 ይቀራል። ከዚህ በኋላ ትልቁን ቁጥር ተዉት። 69 ለ4 ሲካፈል 1 ይቀራል፤ ማቴዎስ ነው። ለ19 ሲካፈል 12 ይቀራል። ሁለቱም 7517ን በቀጥታ ብታካፍሉት ከምታገኟቸው ቀሪዎች ጋር አንድ ናቸው፤ 532 የ4ም የ19ም ብዜት ነውና።

ዝምድናው ለማንኛውም ሁለት ቁጥሮች የሚሠራበትን ምክንያት ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ስንተነትናቸው እናያለን። 72 ሦስት 2 እና ሁለት 3 አለው። 60 ሁለት 2፣ አንድ 3 እና አንድ 5 አለው። ከየብቸኛው ቁጥር አነስተኛው ብዛት ለጋራ አካፋዩ ይሰጣል፦ 12። የበዛው ለጋራ ብዜቱ ይሰጣል፦ 360። የጠፋም የተጨመረም የለም፤ ያሉት ሁሉ ለሁለት ተከፋፈሉ። ስለዚህ 72 በ60ም፣ 12 በ360ም ሲባዛ 4320 ነው።

መተንተን ግን ሁልጊዜ አይመችም። 1147 እና 899ን ለተማሪ ስጡት፤ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7 ሞክሮ ተስፋ ይቆርጣል። የጥንቱ ግሪካዊ የሒሳብ ሊቅ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የጻፈው ዘዴ ግን መተንተን አያስፈልገውም። ትልቁን ለትንሹ አካፍሉ፣ ከዚያ አካፋዩን ለቀሪው፣ እንዲሁ እያላችሁ ቀጥሉ። ቀሪዎቹ 248፣ 155፣ 93፣ 62፣ 31 እያሉ ይወርዱና ዜሮ ይመጣል። ከዜሮ በፊት የነበረው 31 ትልቁ የጋራ አካፋይ ነው። አሁን 1147ን ለ31 አካፍሉ፤ 37 ነው። 37ን በ899 ስታባዙ 33263፣ ትንሹ የጋራ ብዜት ተገኘ። መጀመሪያ አካፍሎ ኋላ ማባዛት ለእጅም ለኮምፒውተርም ይቀላል፤ በመሃል ያለው ቁጥር ከልክ በላይ አያብጥም። የሚገርመው፣ ዩክሊድም የሠራው፣ ባሕረ ሐሳብን ደረሰ ተብሎ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የሚነገርለት ቅዱስ ድሜጥሮስም ሊቀ ጳጳስ የነበረው እስክንድርያ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ብዙ ማጠናከሪያ ወረቀት ላይ ተረስቶ አይቻለሁ። ቀመሩ ለሁለት ቁጥሮች ነው። 4፣ 6 እና 10ን ብትወስዱ ትልቁ የጋራ አካፋይ 2፣ ትንሹ የጋራ ብዜት 60 ነው፤ ሲባዙ 120። የሦስቱ ብዜት ግን 240 ነው። ሦስት ቁጥር ሲመጣ ሁለት ሁለቱን ሂዱ፦ መጀመሪያ የ4 እና የ6ን ትንሹን የጋራ ብዜት 12ን አግኙ፣ ከዚያ 12ን ከ10 ጋር።

ለሚቀጥለው ፈተና ደግሞ «የ24 እና የ36ን ትልቁን የጋራ አካፋይ አግኝ» ማለቱን እንተወውና እንዲህ እንጠይቅ፦ ትልቁ የጋራ አካፋያቸው 6፣ ትንሹ የጋራ ብዜታቸው 180 የሆኑ ጥንዶች ስንት ናቸው? መልሱ አራት ነው፦ 6 እና 180፣ 12 እና 90፣ 18 እና 60፣ 30 እና 36። በ6 ፋንታ 8 ብላችሁ ብትጠይቁ አንድም ጥንድ የለም፤ 8 ለ180 አካፋይ አይደለምና። ምክንያቱን አሟልቶ ለጻፈ ልጅ ሙሉ ነጥብ ስጡልኝ።

ስለሰማችሁኝ አመሰግናለሁ። ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።