ከብሬንትፎርድ ማግስት፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን ላይ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

ቱሉ ዲምቱ፣ እሑድ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

የተከበራችሁ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ማህበራችን አባላት፣ ጋሼዎቻችን፣ እትዬዎቻችን፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፦

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። የክርስትና እምነት ተከታይ ለሆናችሁም እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሳችሁ።

«በሰላም» የሚለውን ቃል የዘለልኩት ረስቼው አይደለም። አርብ ማታ ደመራችንን ለኮስን፤ እስከዚያ ሰላም ነበር። ቅዳሜ ክትፎው ቀርቦ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ቴሌቪዥኑ ተከፈተ። የብሬንትፎርዱ ኢጎር ቲያጎ በ8ኛው ደቂቃ አገባብን፤ በ20ኛው ደገመን። ሼሽኮ ለክለባችን የመጀመሪያ ጎሉን አስቆጥሮ ነፍስ ዘራብን። 76ኛው ደቂቃ ላይ ብሩኖ ሪጎሬ ሊመታ ሲዘጋጅ ባለቤቴ ሳትቀር ከማዕድ ቤት ወጥታ ቆመች። በረኛቸው ኬለኸር አዳነው። በጭማሪው ሰዓት የንሰን ሦስተኛውን ከተተ። 3 ለ 1። ጎረቤታችን እንኳን አደረሳችሁ ሊለን በሩን ገፋ ቢያደርግ ሁላችንም አቀርቅረናል፤ ለቅሶ መስሎት «ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ማን መሆኑን ለመነጋገር ነው እንግዲህ ዛሬ የተሰበሰብነው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት የማህበሩን ሥራ በአጭሩ። የሒሳብ ሪፖርቱን ሒሳብ ሹማችን ያቀርባሉ። የዲኤስቲቪ ክፍያችን አንድም ወር አልተቋረጠም። ኀዘን የደረሰባቸው አባላት ቤት ማልያችንን አውልቀን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ተገኝተናል። መዋጮ ያልከፈለ አለ፤ ስም አልጠራም፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ዋናው አጀንዳችን የአሰልጣኛችን የሩበን አሞሪም ጉዳይ ነው። የተወሰኑ አባላት ፈርመው ያቀረቡት ጥያቄ አለ፦ «አሞሪም ይነሳ» የሚል ጨርቅ አሠርተን በብሎኮቹ መሐል እንስቀል፣ ለክለቡም ደብዳቤ እንጻፍ የሚል። ደብዳቤው ኦልድ ትራፎርድ ይደርሳል አይደርስም የሚለውን ልተወው። እዚያ ደርሶ የሚያነበው ባይኖር እንኳ እዚህ ጉዳት አድርሷል። አንድ ደረጃ ላይ የሚኖሩ ሁለት አባላት በዚህ ሰው የተነሳ ሰላምታ አቁመዋል። አንደኛው ሌላኛውን ለልጁ ክርስትና አልጠራውም። ፖርቹጋል አገር ተወልዶ፣ እንግሊዝ አገር ለሚሠራ፣ ቱሉ ዲምቱ የሚባል ቦታ መኖሩን ለማያውቅ ሰው ብለን።

ይነሳ የሚሉት ወገኖች ያለ ምክንያት አልተነሱም። ባለፈው የውድድር ዘመን በ42 ነጥብ 15ኛ ሆነን ጨረስን። በፈረንጆቹ 1974 ወደ ታች ከወረድንበት ዓመት ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብለን አናውቅም። አሞሪም ከመጣ ጀምሮ በሊጉ 33 ጊዜ ተጫውተን የሰበሰብነው 34 ነጥብ ነው። በነዚህ ሁሉ ጨዋታዎች ሁለት ጊዜ በተከታታይ አሸንፈን አናውቅም። ባለፈው ሳምንት ቼልሲን ስንረታ «በቃ፣ ዛሬ ተጀመረ» ያላችሁኝ ሰዎች እዚህ አላችሁ፤ ትናንት ስልካችሁ አይነሳም ነበር።

የግሪምስቢንም ማንሳት አለብኝ። ነሐሴ 21 ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ እዚሁ አዳራሽ፣ በአራተኛው ዲቪዚዮን የሚጫወት ቡድን 2 ለ 0 ሲመራን አየን። እንደምንም 2 ለ 2 አደረግን። ሪጎሬው እየተመታ እየተመታ 10 ለ 10 ሲደርስ መብራት ጠፋ። በጨለማ ተቀምጠን ውጤቱን የጠበቅነውን ሌሊት አልረሳውም፤ አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። ምቤሞ ብረቱን መትቶ 12 ለ 11 መሸነፋችንን ደውሎ የነገረን የሊቨርፑል ደጋፊ ነው። ደግሞ ቀስ ብሎ፣ እያጣጣመ ነው የነገረን።

ይቆይ የሚሉትም ምክንያት አላቸው፤ አንድ ቃል ይበቃቸዋል፦ ፈርጉሰን። በፈረንጆቹ 1986 መጣ፣ በ1989 መስከረም በማንችስተር ሲቲ 5 ለ 1 ተሸነፈ፣ በዚያው ዓመት ታህሳስ ላይ የራሳችን ደጋፊ «ሦስት ዓመት ሙሉ ሰበብ፣ ደህና ሁን ፈርጊ» የሚል ጨርቅ ኦልድ ትራፎርድ ውስጥ ዘረጋ። ታገሱት፤ 13 የሊግ ዋንጫ አመጣ። ይህን ታሪክ የማያውቅ ማንቼ የለም፤ እኔም ለልጆቼ በተረት ምትክ ነግሬአቸዋለሁ።

ይሁን እንጂ ይቅር በሉኝና ይህ ማስረጃ አይመስለኝም። ፈርጉሰንን ታግሰውት እንደተሳካ እናውቃለን። ተታግሰው ክለብ ይዘው የሰመጡትን አሰልጣኞች ስም ግን የሚያስታውስ የለም፣ ስለሰመጡ። ደግሞም ፈርጉሰን ሲመጣ ከአበርዲን ጋር ሪያል ማድሪድን በፍጻሜ ረትቶ የአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ያነሳ ሰው ነበር፤ እኛ ጋ በሁለተኛው ዓመቱ ሊጉን ሁለተኛ ሆኖ ጨርሷል። ጨለማው ውስጥ ጭላንጭል ነበረ። አሁን ያለውን ጭላንጭል የሚያሳየኝ ካለ መድረኩ ክፍት ነው።

አንድ የሚገርመኝን ነገር ልጨምር። እዚህ ካለነው መሐል በጣም ትዕግስት የጎደለን የፈርጉሰንን ዘመን ያየን ሽማግሌዎቹ ነን። የመጨረሻው የሊግ ዋንጫ በኛ አቆጣጠር በ2005 ሲነሳ ገና ዳዴ ይሉ የነበሩት ልጆች ናቸው «ይቆይ፣ ጊዜ ስጡት» የሚሉን። ጠግቦ የኖረ ሰው ረሃብ አይችልም መሰለኝ። (ከ«ይነሳ» ባዮቹ መሐል ቅዳሜ ከሰዓት የቤቲንግ ቲኬታቸው የተበላባቸው እንዳሉም አውቃለሁ። የነሱ ቁጣ በሌላ አጀንዳ ይታይ።)

አሁን ወደ ራሳችን መዝገብ ልምጣ። ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ፀሐፊያችንን የቆየውን የቃለ ጉባኤ መዝገብ አስወጥቼ ሁለት ማታ አነበብኩት። ማህበራችን የተመሠረተው በ2008 ነው፤ ብዙዎቻችን ኮንዶሚኒየሙ ደርሶን፣ ውኃው ገና ሳይገባ፣ በጄሪካን እየተመላለስን። በዚያ ዓመት መዝገብ ላይ ቫን ኻል ይነሳ የሚል ውሳኔ አለ። ምክንያቱ፦ «አጨዋወቱ የማንችስተርን ባህል የማይመስል በመሆኑ»። በግንቦት 2008 የኤፍኤ ዋንጫን ባነሳ በሁለተኛው ቀን ተሰናበተ። ጨፈርን።

ገጹን ስገልጥ 2011 ላይ ሞሪንሆ አለ። ምክንያቱ፦ «አጨዋወቱ የማንችስተርን ባህል የማይመስል በመሆኑ»። ታህሳስ ላይ ሄደ። 2014፣ ሶልሻየር፤ ከዋትፎርድ 4 ለ 1 ማግስት፣ ኅዳር ላይ ሄደ። 2017፣ ቴን ሃግ፤ ጥቅምት ላይ ሄደ። ምክንያቱ ያው፤ ፀሐፊው ሲሰለቸው «ከላይ እንደተገለጸው» ብሎ አልፎታል።

እስቲ ዓመቶቹን ልብ በሉልኝ። 8፣ 11፣ 14፣ 17። በፈረንጅ አቆጣጠር ብታዩት ይህ አይታይም፤ በኛ ግን ጳጉሜን 6 በየአራት ዓመቱ እንደሚመጣ፣ ይህም በየሦስት ዓመቱ ተራውን ጠብቆ ይመጣል። በዚህ ስሌት ከሄድን አሞሪም እስከ 2020 ቦታ አለው ማለት ነው። ሳቁ፣ እኔም መዝገቡን ዘግቼ ስቄያለሁ። ቀጥሎ ግን የፈራሚዎቹን ዝርዝር አየሁ። አራቱም ውሳኔዎች ላይ የኔ ፊርማ አለ። ሁለቱ ላይ ከሁሉ በላይ፣ በትልቁ።

በመሐል ደስታ አልነበረም አልልም። ሶልሻየር በጊዜያዊነት የመጣ ጊዜ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፍን። ፓሪስ ላይ ራሽፎርድ በመጨረሻው ደቂቃ ሪጎሬውን ሲያገባ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነበር፤ ከብሎክ ብሎክ እየተጠራራን በፒጃማ የወጣንበትን ሌሊት ታስታውሳላችሁ። ዘበኛው ሌባ ተገኘ ብሎ ዱላውን ይዞ መጣ፣ ነገሩን ሲሰማ ዱላውን ጥሎ አብሮን ጨፈረ። ወር ሳይሞላው የሦስት ዓመት ውል ተሰጠው። በሚያዝያ ኤቨርተን 4 ለ 0 ሸኘን።

ባስ ተር ዌል የሚባል የኔዘርላንድ የምጣኔ ሀብት ምሁር በፈረንጆቹ ከ1986 እስከ 2004 ድረስ የአገሩን ሊግ እየመረመረ ጥናት አሳትሟል። ውጤት ሲበላሽ አሰልጣኝ ያባረሩ ክለቦች ከዚያ በኋላ ይሻሻላሉ። ችግሩ፣ በዚያው ልክ ተበላሽተው አሰልጣኛቸውን ያላባረሩትም በዚያው ልክ ይሻሻላሉ። እንደ ጉንፋን ማለት ነው፤ ዳማከሴውን ጨምቆ የጠጣውም ያልጠጣውም በሳምንቱ ይነሳል፣ ምስጋናውን ግን ዳማከሴው ይወስዳል። እናቴ ይህን ብትሰማ ትቆጣለች።

ለነገሩ ውድድሩ ራሱ ፍትሕ የለውም። ባለፈው ግንቦት ቢልባዎ ላይ ቶተንሃም በአውሮፓ ሊግ ፍጻሜ 1 ለ 0 ረታን። ያሸነፈው ፖስቴኮግሉ በ16 ቀን ውስጥ ተባረረ፤ የተሸነፈው አሞሪም ከ200 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰጥቶት ኩኛን፣ ምቤሞንና ሼሽኮን ገዛ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ግዢ ነው። አሞሪም በሦስት ተከላካይ ነው የሚጫወተው፤ ክንፍ ላይ የሚሮጥ አጥቂ አያስፈልገውም። ስለዚህ ራሽፎርድ በውሰት ባርሴሎና ሄደ፣ ጋርናቾ ለቼልሲ ተሸጠ፣ ሳንቾ በውሰት አስቶን ቪላ ገባ፣ አንቶኒ ቤቲስ ተጠቃለለ። አንቶኒን ቴን ሃግ ያስገዛው 80 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ወጥቶበት ነው፤ ሲሄድ የተገኘው ሩብ ያህሉ ነው። ነገ አሞሪም ተነስቶ ሌላ ቢመጣና «የክንፍ ተጫዋቾቼ የት አሉ?» ቢል ምን እንመልስለታለን? አንዱ ግንበኛ የሠራውን ግድግዳ ሌላው አፍርሶ እንደገና ሲጀምር ኮንዶሚኒየም የደረሰን ሰዎች እናውቀዋለን፤ ሲሚንቶውን የሚከፍለው ግንበኛው አይደለም። ቴን ሃግን በ2016 ሰኔ መጨረሻ ውሉን አራዝመውለት አራት ወር ሳይሞላ አሰናበቱት፤ ለሱና ለረዳቶቹ ስንብት ብቻ ከ10 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣ።

በአገራችንም አይተነዋል። ሰውነት ቢሻው ብሔራዊ ቡድናችንን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቃ፤ በደቡብ አፍሪካ ጥር 2005 ላይ ያለቀስነውን እንባ አንረሳም። በዓመቱ ይነሳ አልን፣ ተነሳ። በምትኩ ማን መጣ? ማሪያኖ ባሬቶ፣ ፖርቹጋላዊ። ዓመት ገደማ ቆይቶ እሱም ሄደ። ያኔ ስታዲየም ዙሪያ ቆሜ «የውጭ አሰልጣኝ ይምጣ» ካሉት አንዱ ነበርኩ፤ ሲሄድም «የአገር ልጅ ምን አነሰው» ካሉት አንዱ ነኝ።

እንግዲህ የግል አቋሜን ጠይቃችሁኛልና ልደብቅ አልችልም፦ እኔ ይነሳ ባይ ነኝ። በውጤቱ ብቻ አይደለም። ሁለት አማካይ በሦስት ሲዋጥ በየሳምንቱ እያየ፣ ብሩኖን ከጎሉ አርቆ ወደ ኋላ እየጎተተ፣ የሮማው ጳጳስ ራሱ ቢመጣ አሰላለፌን አልቀይርም ያለ ሰው ነው። ሰው ይሳሳታል፤ ስህተቱን እንደ ሃይማኖት ሲይዘው ግን ያስፈራኛል። ቢሆንም አምስተኛ ጊዜ እንደ አራቱ አልፈርምም። «ይነሳ» ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ ግማሹን ብቻ ስንጽፍ ኖረናል።

ስለዚህ የሥራ አመራሩ ያዘጋጀው ወረቀት አለ። ይነሳ የሚል ሰው ማን ይምጣ የሚለውን በስም ይጽፋል፤ ያ ሰው እነዚህን ተጫዋቾች በምን አሰላለፍ እንደሚያጫውታቸውም ይጽፋል። ይቆይ የሚል ሰው እስከ የትኛው ጨዋታ ድረስ፣ ስንት ነጥብ ካልተገኘ ሐሳቡን እንደሚቀይር ይጽፋል። ሁሉም ይፈርማል። ወረቀቱ ታሽጎ እትዬ የዕድራችን ገንዘብ ያዥ ዘንድ ይቀመጣል፤ እሳቸው ኳስ ስለማያዩ ማንም አይጠራጠራቸውም። በሚቀጥለው ዓመት መስከረም ላይ እዚሁ ተከፍቶ ይነበባል። ጨርቁ ይሰቀል አይሰቀል የሚለው ከዚያ በፊት ለድምፅ አይቀርብም።

ሰላምታ ያቆማችሁት ሁለት ወንድሞቼ፣ ወንበራችሁን ጎን ለጎን ያደረግነው በስህተት አይደለም። ወረቀታችሁን አንድ እስክሪብቶ ተቀባብላችሁ ትሞሉታላችሁ።

ጉባኤው ተከፍቷል። ውይይቱን አጠር አድርጉልኝ፤ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አርሴናል ከኒውካስል ስላለው አዳራሹን ለነሱ ማስረከብ አለብን፣ በር ላይም ቆመው እየሰሙን ነው።