ዓመት ሲሞላው፦ ስለ ላም ወተት ለእናቶች የቀረበ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ እናቶች፣ አያቶች! ከኋላ ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁ አባቶችም እንኳን መጣችሁ፤ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፣ ወንበር አለ።

ለ9 ወሩ የኩፍኝ ክትባት የሚመጡ እናቶች አዘውትረው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ «ሲስተር፣ የላም ወተት ልጀምርለት?» ይሉኛል። ዓመት ይሙላው እላለሁ። ሦስት ወር ምን ለውጥ ያመጣል የምትል ካለች ልንገራት። የላም ወተት ፕሮቲኑና ማዕድኑ ከእናት ጡት ወተት በብዙ ይበልጣል፤ የሕፃን ኩላሊት ያን ሁሉ ለማጣራት ገና ነው። የአንዳንዱን ሕፃን አንጀት ደግሞ በዓይን በማይታይ መጠን ያደማል። ሰገራው ላይ ምንም አታዩም፤ ልጁ ግን ቀስ በቀስ ደሙ ያንሳል። ውሃ ጨምሬ ባቀጥነውስ ለምትሉ፦ ውሃ የወተቱን ጉልበት ይቀንሳል እንጂ የሌለውን ብረት፣ ደም የሚሠራበትን ማዕድን፣ አያመጣለትም።

ጡት የማታጠቡ፣ የቆርቆሮ ወተት፣ ማለትም ለሕፃናት የተዘጋጀውን የዱቄት ወተት፣ ለመግዛትም አቅም ያጠራችሁ ካላችሁ ግን ተደብቃችሁ አትጀምሩ፤ ኑና እንነጋገር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ጡት ለማይጠቡ ከ6 እስከ 11 ወር ላሉ ሕፃናት የእንስሳት ወተትም መስጠት እንደሚቻል አስቀምጧል። የሚያሳስበን ብረቱ ስለሆነ አብሮ የሚበላውን እናስተካክላለን።

አሁን ዓመት ሞላው እንበል። ጡት የምታጠቡ፣ ማንም ጡት አስጥሉ አላላችሁም፤ ሬት መቀባትም አያስፈልግም። እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ አጥቡ፤ የላሙ ወተት በተጨማሪነት ይገባል። የቆርቆሮ ወተት የምትሰጡ ደግሞ ቆርቆሮውን እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ። ሱቅ ውስጥ ባለ 3 ቁጥሩን «ለትልልቅ ልጆች» ብለው ያሳዩአችኋል፤ ጤነኛ ለሆነና ምግብ ለሚበላ ልጅ አያስፈልገውም፤ በዚያ ብር እንቁላል ግዙ። ጣዕሙ ተለወጠ ብሎ እምቢ ካለ፣ እንደ ወትሮው በውሃ በጥብጣችሁ ካዘጋጃችሁት የቆርቆሮ ወተት ላይ ትንሽ ቀንሳችሁ በምትኩ የላም ወተት ጨምሩ፤ በየጥቂት ቀኑ የላሙን እያበዛችሁ ሂዱ። ዱቄቱን ግን በላም ወተት እንዳትበጠብጡት፤ ከመጠን በላይ ይወፍርና ልጁን ይጎዳዋል።

መጠኑን ለማስታወስ የላስቲኩን ወተት አስቡ። ግማሽ ሊትሯ አንድ ላስቲክ ጡት ለማይጠባ የዓመት ልጅ የቀን ድርሻው ናት። ከፍ ቢል እስከ 700 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ አይለፍ። ለሚጠባ ያነሰ ይበቃዋል። ቅባቱ የወጣለት ወተት ደግሞ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አይሰጠው፤ ቅባቱ ለአእምሮው ዕድገት ያስፈልገዋል።

መጠኑ ላይ የማከርረው ያለ ነገር አይደለም። እዚህ ክፍል ውስጥ ደጋግሜ የማየው ልጅ አለ። ጉንጩ ሞላ ያለ፣ ክንዱ ላይ እጥፋት ያለው፣ ጎረቤት «አቤት ሲያምር!» የሚለው። የታችኛውን የዓይን ቆቡን በአውራ ጣቴ ዝቅ ሳደርገው ቀይ መሆን የነበረበት ነጭ ነው። ምን ይበላል ስል እናቲቱ «ምግብ እምቢ ብሎኛል፣ ደግነቱ ወተት ይጠጣል» ትለኛለች። እምቢ ያለው እኮ በወተት ጠግቦ ነው! ወተት ብረት የለውም ማለት ይቻላል፤ ከምግብ የሚገኘውንም ሰውነት በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የምስሩን ፍትፍት፣ የእንቁላሉን፣ ከተገኘም የጉበቱን አብሉት፤ ወተቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ሻይ በወተት የምትሰጡም ተዉት፤ ሻዩ ብረቱን ይባስ ያሳጣዋል።

ጡጦውን በኩባያ ቀይሩት። በተለይ ሌሊት ጡጦ አፉ ውስጥ ይዞ የሚተኛ ልጅ የፊት ጥርሶቹ ገና ሳይጠነክሩ ይበሰብሳሉ። ስኳር አትጨምሩበት።

ከጎረቤት በሊትር የምትገዙት ወተት ሳይፈላ ልጅ አፍ አይግባ። ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታም የከብት ሳንባ ነቀርሳም በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ። አረፋው ብድግ ሲል ፈላ ብላችሁ አታውርዱት፤ ያኔ ገና አልፈላም። እሳቱን ቀንሱና እያማሰላችሁ ጥቂት ደቂቃ ይንተክተክ። ዕቃውን በወይራ ማጠን መልካም ነው፣ እኔም ሽታውን እወደዋለሁ፤ ማፍላትን ግን አይተካም።

ስለ ጾም አንድ ነገር ልበል። በዐቢይ ጾም ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ ወተቱ የሚቋረጥበት ልጅ አለ። በዚህ ዕድሜ ልጅ አይጾምም፤ ካህኑን ጠይቁ፣ እንደኔው ይሏችኋል። አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ኩባያ ለልጁ ብቻ ለዩለት።

ወተት ጀምሮ ሰውነቱ ሽፍ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ሰገራው ላይ ደም ከታየ ወተቱን አቁማችሁ ይዛችሁት ኑ። ፊቱ ካበጠ ወይም መተንፈስ ካቃተው ቀጠሮ ሳትጠብቁ በቅርባችሁ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ሩጡ። ሆድ ድርቀት ብቻ ከሆነ መጀመሪያ መጠኑን ቀንሱና እዩት።

አሁን ጥያቄ። እማማዎች ይቅደሙ፤ ስናገር ራሳችሁን ስትነቀንቁ አይቻለሁ፣ የማትስማሙበት እንዳለ ገብቶኛል።